የአንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለቱ ባቡር

ሐዲዱን ነቅለውት፣ ጣቢያውን ቆልፈው፣
"ተሳፋሪ የለም" የሚል ጽሑፍ ለጥፈው፣
የኩባንያው ሰዎች ወደ ሳፖሮ ሄዱ።
ከዚያ ወዲያ በረዶ ብቻ ነው መንገዱ።

ኩዋሃራ ቶኩጂ፣ የኦሺቤትሱ አለቃ፣
አርባ ዓመት ያልሳተ አንዲት ደቂቃ፣
ጡረታ ቢወጣም፣ ሌሊት ሲነቃ
እጁ ፊሽካ ፍለጋ ትራሱን ይዳብሳል፤
ባቡሩ መቅረቱን ጣቱ ይረሳል።

ባለፈው ኅዳር ነው። ሳሙና ሊገዛ
ገብቶ አንድ ካርቶን አየ፣ ቀለሙ ፈዛዛ፦
ሰማያዊ ሐዲድ፣ የፕላስቲክ ድልድይ፣
ሦስት ፉርጎ የሚስብ ባቡር፣ አፍንጫው ቀይ፤
"ባትሪ አብሮ አይሸጥም" ይላል ከሥሩ ላይ።
ዋጋው የሁለት ሳህን ሾርባ ነው በሙሉ።
"ለልጅ ልጅ ነው?" ስትል ሻጯ፣ ጆሮዎቹ ቀሉ።
ልጅ ልጅ የለውም። "አዎን" አለ፤ ትንሽ ውሸት ናት።
ሳሙናዋን ግን እዚያው ረሳት።

ሳሎኑ ምንጣፍ ላይ አገር ተሠራ፦
የሩዙ ማሰሮ ሆነለት ተራራ፣
የጫማው ካርቶን ዋሻ፣ ጣቢያው የክኒን ዕቃ፤
ተሳፋሪም አለ፣ ከንጋት የነቃ፦
አንድ የኮት ቁልፍ፣ ሁለት የአኩሪ አተር ፍሬ፣
አንዲት የፕሪም ዘር፣ እንግዳ የዛሬ።

አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ደቂቃ ሲሞላ፣
ነጭ ጓንት አጥልቆ፣ ወደ ፊት፣ ወደ ኋላ፣
በጣቱ እያሳየ "ደህና ነው!" ይልና
ማብሪያዋን ይጫናል፤ ዝዝ ይላል ጎዳና።
ካርቶኑ ዋሻ ውስጥ ድምፁ ሲታፈን
ያዳምጣል እሱ፣ ዓይኑን ሲከድን፤
ሲወጣለት ይስቃል። አርባ ዓመት አይቶ
አንድም ቀን አልሳቀ ባቡር ገብቶ ወጥቶ።

የጎረቤት ልጅ ናት፤ ፊት ጥርሷ የወለቀ፤
ኮኖሃ ትባላለች። ጩኸቱ ቤቷ ዘለቀ።
በካልሲ ገብታ፣ በሆዷ ተኝታ፣
አንድ ዓይኗን ጨፍና ፉርጎውን አይታ፣
"አያ ኩዋሃራ፣ ቁልፉ ቆሞ ነው የሚሄደው፤ ይደክመዋል" አለች።
ከዚያ ቀን ጀምሮ በቲኬት ቆራጭነት ተቀጠረች።

የካቲት ሲገባ ባቡሩ ደከመው፤
ድልድዩን ሲወጣ ጉልበቱን አመመው።
አንዱን ዙር ለመዞር የሚፈጅበት ጊዜ
ስድስት ሰከንድ ጨመረ። ሰውዬው በትካዜ
ቆቡን አውልቆ፣ ጎንበስ አለ ለዘሯ፣ ለአተሩ፣ ለቁልፉ፦
"የተከበራችሁ መንገደኞች፣ ስለ ስድስቱ ሰከንድ በደላችንን እለፉ!"

ኮኖሃ አልሳቀችም።

በማግስቱ ቅዳሜ፣ ሰዓቱ ሊሞላ ሲል፣
እሱ ጓንቱን ፍለጋ መሳቢያ ሲያገላብጥ፣ ሲከፍት፣ ሲጥል፣
(አውቶቡስ ማክሰኞ ነው። ሱቁ ሩቅ። በረዶው እስከ ወገብ።)
ወንበር ጎትታ ወጣች፤ ሳትጠይቅ፣ ሳትርገበገብ፣
ከግድግዳው ሰዓት ጀርባ አንዲቷን ባትሪ መዝዛ
ባቡሩ ሆድ ከተተቻት፣ ብሎኗን በጎን ጥርሷ ይዛ።

ሰውዬው ቀና ቢል፣ ቆጣሪው ቆሟል፤
አንድ ሰዓት ከአሥራ ሁለት ላይ ቀጥ ብሏል።
ያ ሰዓት የጡረታው ሽልማት ነው፣ ስሙ ያለበት፣
አርባ ዓመት ተመዝኖ በሳጥን የተሰጠበት።
ሊቆጣት ጀምሮ፣ ባቡሩ ድልድዩን ሲበር አየና
ዋጠው። ኮቱን ቆለፈ፤ አንድ ቁልፍ ይጎድላል ገና።

አሁን ከትምህርት ቤት ስትመለስ ትመጣለች፤ ማታም ትመጣለች፤
ሽቅብ አንጋጣ ግድግዳውን ታያለች፣
"አያ ኩዋሃራ፣ ደርሷል!" ትላለች።
እውነቷን ነው፤ ደርሷል። እሱም ጓንቱን ያጠልቃል፤
በቀን አራቴ፣ አምስቴ፣ በሰዓቱ ይለቅቃል።

ማክሰኞ በአውቶቡስ ሄደ። ባትሪው መደርደሪያ ጋ ቆመ፤
አነሣ፣ ዋጋውን አየ፣ መለሰ፣ አዘገመ።
ሳሙና ብቻ ገዝቶ መጣ።